ያልተጠየቀው ምስክር

የሰርቨር ክፍሉ በር በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

የጽዳት ሠራተኛዋ አስካለች የሦስተኛውን ፎቅ ኮሪደር ጎንበስ ብላ ስትወለውል ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማችና ቀና አለች። ያ ከባድ የብረት በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የወጣው ቀዝቃዛ አየር እግሯን ነካት። ወዲያው አንድ እጅ በስንጥቁ በኩል ወደ ኮሪደሩ ዘፍ ብሎ ወደቀ። አስካለች መወልወያዋን ጥላ ጮኸች። ታች መንገድ ላይ ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ሳይቀሩ ቀና ብለው ወደ ፎቁ አዩ።

ዕለቱ ረቡዕ ታኅሣሥ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ከአርባ።

ኢንስፔክተር ታደለች ገመዳ ከቀትር በኋላ ቀበና ካለው ሕንፃ ደረሰች። ሟቹ ጌድዮን ይባላል፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። «ምንጭ የጤና መረጃ ማዕከል» በሚባለው በዚህ ድርጅት የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ ነበር። ድርጅቱ የብዙ የግል ክሊኒኮችን የላቦራቶሪ ውጤት ሰብስቦ በሰርቨሮቹ ያስቀምጣል።

ታደለች በሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሁለቱም እጆቹ አንጓዎች ተልጠዋል። ከበሩ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ የመውጫ ቁልፍ ብዙ ከመመታቷ የተነሣ ተሰንጥቃለች። በኪሱ የተገኘው ስልክ ሰባት ጊዜ ተደውሎበታል፤ አንዱም አልወጣም። ግድግዳው በብረት የተለበጠ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ ኔትወርክ አይገባም።

«ጋዙ ነው የገደለው» አላት የፖሊሱ ሐኪም። «እሳት ሲነሣ የሚለቀቅ ጋዝ አለ። አየሩን ገፍቶ እሳቱን ያፍነዋል። ሰውንም እንደዚያው ነው።»

«እሳት ነበር?»

«የክብሪት ታህል የለም።»

ታደለች ክፍሉ መሐል ቆማ ዙሪያውን አየች። ከመጣችበት በር በቀር መውጫ የለም። በሩ ክፍት ሆኖ እንኳ መቆየት አልፈለገችም። ፈጠን ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ዓይኑ የቀላ ረጅም ሰው ይጠብቃት ነበር። «ባሮክ እባላለሁ፤ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ» አለ። «ጌድዮን ጓደኛዬ ብቻ አይደለም። ሚዜዬ ነበር። ጥር ሰባት ሠርጌ ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን በር ከውጭ የሚቆልፈው ማነው?»

«ሰው አይቆልፈውም፤ በኮምፒውተር ታዝዞ ነው የሚቆለፈው።» ወደ ቢሮው ወስዶ ስክሪን ፊት አስቀመጣት። «የዋና ዋና ዕቃዎቻችን ፓስወርድ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። እኛ ካዝናው እንለዋለን። ዋናውን ፓስወርድ ማንም አያውቅም። ሠራተኛው በራሱ ስም ይገባል፤ ካዝናው ማንነቱን ካጣራ በኋላ በሩንም፣ ጋዙንም፣ ሰርቨሩንም እሱን ወክሎ ያዛል። ከዚያ ሁሉንም ይመዘግባል።»

«ዛሬ ጠዋት ማን ገባ?»

ባሮክ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው።

10:12፣ ሳምራ፣ በር ቆልፍ።
10:14፣ ሳምራ፣ ጋዝ ልቀቅ።
10:40፣ ሳምራ፣ በር ክፈት።

ታደለች ከፈረንጁ ሰዓት ላይ ስድስቱን ቀንሳ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። አራት ከአሥራ ሁለት። አራት ከአሥራ አራት። አራት ከአርባ።

«ሳምራ ማናት? የትስ ነው ያለችው?»

«እዚሁ የምትሠራ ባለሙያ ናት። ጠዋት እንጦጦ ወዳለው መጠባበቂያ ጣቢያችን ሄዳለች።»

«እዚያ ሆና ይህን ማዘዝ ትችላለች?»

«ካዝናው ከድርጅቱ መስመር ውጪ ማንንም አያስገባም። የእንጦጦው ግን የራሳችን መስመር ነው።» ባሮክ ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። «እንዲህ ማለት አልፈልግም ነበር። ሰኞ ዕለት ከጌድዮን ጋር ተጣልተዋል። ፎቁ በሙሉ ሰምቷል።»

ሳምራ ሰባት ሰዓት ላይ ከእንጦጦ ወረደች። ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ ላፕቶፗን አንግታ ደረጃውን ልትወጣ ስትል ሁለት ፖሊሶች ያዟት። የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን ተናጋሪ። ጌድዮን መሞቱን የነገራት ከፖሊሶቹ አንዱ ነበር፤ ነግሯት ሳይጨርስ ካቴናውን አጠለቀላት።

በጣቢያው ጠባብ የምርመራ ክፍል ታደለች ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ሰኞ ዕለት በምን ተጣላችሁ?»

«ኅዳር ሃያ ለምን የላቦራቶሪ ውጤቶቹ ያሉበትን ቋት ከፈትሽ አለኝ። አልከፈትኩም አልኩት። ካዝናው ስምሽን ይዟል ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮኽኩ።»

«ከዚያስ?»

«ማክሰኞ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። አንቺ አይደለሽም፣ አሁን ገብቶኛል አለኝ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ነገ እንጦጦ ሄደሽ አንድ ዲስክ አምጪልኝ፣ ለማንም አትናገሪ ብቻ ነው ያለኝ።»

«ዲስኩ የታለ?»

«መብራት ጠፋ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጠብቄ ባዶ እጄን ተመለስኩ።»

«ማን አብሮሽ ነበር?»

«ማንም። ጥበቃው አቶ ኢቲቻ ከግቢው በር ላይ ነበሩ።»

ታደለች ወረቀቱን ገፋችላት። ሦስቱ መስመሮች፣ ሦስቱም በእሷ ስም። ሳምራ ደጋግማ አነበበችው።

«ስሜ ገብቷል። እኔ ግን አልገባሁም።»

«ፓስወርድሽን የሚያውቅ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ እኮ መውጫሽን ራስሽ ዘጋሽው።»

«አውቃለሁ» አለች ሳምራ። «እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ሳስበው ነበር። ከየትኛውም ወገን ብመጣ ወደ ራሴው ይመልሰኛል።»

ታደለች አንዱን ይዛ ሌላውን የምትለቅ ሰው አይደለችም። ያንኑ ዕለት የድርጅቱን ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ አቶ ሬድዋንን ቢሮው ድረስ ሄዳ አናገረችው። ከጌድዮን ጠረጴዛ ውስጥ ሦስት ደብዳቤዎች አግኝታ ነበር፤ ሦስቱም ለሬድዋን የተጻፉ፣ ሦስቱም አንድ ነገር የሚሉ። በሰርቨር ክፍሉ ያለው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ይቀየር።

«ደርሶዎታል?»

ሬድዋን ደብዳቤዎቹን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ደርሶኛል። በሚቀጥለው ዓመት እንቀይረዋለን እያልኩ አቆየሁት።»

«ሞቱ ለእርስዎ ጥፋትዎን የሚናገር ሰው ዝም አለ ማለት ነው።»

«ኢንስፔክተር፣ ጥፋቴን አልክድም። ግን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ጩኸቱ ድረስ ከአምስት የክሊኒክ ኃላፊዎች ጋር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንዴም አልተነሣሁም።»

አምስቱንም ጠየቀቻቸው። አንዴም አልተነሣም። ስልኩ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ነበር።

የመጀመሪያዋን ጩኸት ያሰማችው አስካለች ደግሞ እያለቀሰች ነበር የተናገረችው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናት ሴት ናት።

«ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ» አለች። «ሥራ መስሎኝ፤ ዕቃ የሚፈታ መስሎኝ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ሻይ ካደረስኩ በኋላ። አራት ሰዓት አልፏል።»

«ለሰው ነግረዋል?»

አስካለች የሽርጧን ጫፍ ጠቀለለች፤ ፈታች፤ መልሳ ጠቀለለች። «ለማንም» አለች።

ሐሙስ ጠዋት የታደለች አለቃ ኮማንደር ዘነበ አስጠራት። ወንበር አልሰጣትም።

«መዝገቡ የልጅቷን ስም ይዟል። ጠብ ነበራቸው። ብቻዋን ነበረች። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጌታዬ፣ የሚያስረዳን ሰው የለንም። ስለዚያ ሲስተም የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል፤ አንዷ እስር ቤት ናት፤ ሦስተኛው ባሮክ ነው። እሱ የሚለኝን ብቻ ይዤ ነው የምሄደው።»

«ሰውዬው ሚዜውን ነው ያጣው።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ከቀትር በኋላ አርባ ስምንት ሰዓቷ ይሞላል። ፍርድ ቤት ትቀርባለች። እስከዚያ ሌላ ነገር ካላመጣሽ ፋይሉ በእሷ ስም ይዘጋል።»

ታደለች ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች። ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ደብዳቤ መጻፍና ማተም ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የምታውቀው ሥራ ሰው መጠየቅ ነው። ሁለት ባለሙያዎች አሏት፤ አንዱ ሊዋሽ ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሙያቸውን ማወቅ አይጠበቅባትም። አንድ ጥያቄ ለሁለቱም ለየብቻ መጠየቅ ይበቃል።

ለባሮክ ደወለች። «አንድ ትንሽ ነገር ነበር። አንድ ሠራተኛ ካዝናው ውስጥ ሲገባ፣ መግባቱ ስንት ቦታ ይመዘገባል?»

«አንድ ቦታ ነው፣ ኢንስፔክተር። ካዝናው ላይ። ከዚያ ሌላ የትም የለም።»

አመስግና ዘጋች። ከዚያ ሳምራ ወዳለችበት ክፍል ወረደች። ልጅቷ ሌሊቱን አልተኛችም፤ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ በሩን ትኩር ብላ ታያለች። ታደለች ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ጠየቀቻት።

«ሁለት ቦታ» አለች ሳምራ።

«እንዴት ሁለት?»

«ካዝናው ራሱ ሰው አያውቅም። ስሜንና ፓስወርዴን ስጽፍ ወደ ሌላ ሰርቨር ሄዶ ይጠይቃል። ዳይሬክተሪ ነው የምንለው፤ የሠራተኞች ሁሉ ስም ያለበት። ይቺ ሳምራ ናት ወይ ይለዋል። እሱ አዎ ካለ ያስገባኛል። ስለዚህ ካዝናው ሳምራ ገባች ብሎ ይጽፋል፤ ዳይሬክተሪውም ስለ ሳምራ ተጠየቅኩ ብሎ ይጽፋል።» ድንገት ብድግ አለች። ዓይኗ ፈጠጠ። «ጌድዮን የላከኝ ለዚህ ነው! የዳይሬክተሪው መዝገብ ቅጂ በየሰዓቱ ወደ እንጦጦ ይላካል። የቀበናውን መዝገብ ባሮክ ሊነካው ይችላል፤ የእንጦጦውን ግን ማንም ከዚህ ሆኖ ማጥፋት አይችልም። ጌድዮን ሁለቱን ሊያስተያይ ነበር።»

«ቆይ። ዳይሬክተሪው ሳይጠየቅ ካዝናው እንዴት ያስገባል?»

ሳምራ አሰብ አደረገች። «አንድ ሰው በስልክ ደውሎ ቀበሌ ነኝ፣ ልጅቷን አውቃታለሁ፣ ነዋሪያችን ናት ቢልዎት ያምኑታል?»

«የቀበሌውን ማኅተም አምጣ እለዋለሁ።»

«ካዝናውም እንደዚያ ማለት አለበት። ዳይሬክተሪው ሲመልስለት ሰርተፊኬት ያሳየዋል፤ ማኅተሙ ነው። ካዝናው ማኅተሙን እንዳያይ የታዘዘ እንደሆነ ግን በዳይሬክተሪው አድራሻ የተቀመጠ ማንኛውም ላፕቶፕ አዎ ሳምራ ናት ቢለው ያምናል። በየሦስት ወሩ የምንፈትሸው ይህንን ነው። ቅጹ ላይ የሚፈርመው ባሮክ ነው።»

ታደለች ተነሣች። ይህ ሁሉ ከተጠርጣሪ አፍ የወጣ መሆኑን አልረሳችም።

የእንጦጦው መንገድ ከባሕር ዛፉ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል። አብሯት የመጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከላት የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ሳጅን ዓለም ነው። ጣቢያው የቆርቆሮ አጥር ያለው፣ አንድ ክፍል ብሎኬት ቤት ነበር። ጥበቃው አቶ ኢቲቻ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩን ከፈቱላቸው።

«አባባ፣ ትናንት ጠዋት መብራት ነበር?» አለቻቸው ታደለች።

«ሦስት ሰዓት ላይ ጠፋ። የመጣው ስድስት ሰዓት ነው።»

«ጀነሬተሩስ?»

«ናፍጣ ካለቀ ወር ሆኖታል። ልጅቷ በሩ ላይ ተቀምጣ ቆይታ ቆይታ፣ ብርዱ ሲጠናባት ሄደች። ሻይ ልስጥሽ ብላት እንቢ አለች።»

«ከዓይንዎ ተለይታ ነበር?»

«ወዴት ትሄዳለች? ያለው ይሄው ግቢ ነው።»

ዓለም ውስጥ ገብቶ ዕቃዎቹን ይመረምር ነበር። መብራት ከሌለ መስመሩም እንደሚሞት አረጋገጠላት፤ ሳምራ ከዚያ ቤት ሆና በአራት ሰዓት ምንም ልታዝ አትችልም። መብራቱ ሲመለስ ግን ዕቃው በመሐል የቀረበትን መዝገብ ሁሉ ከቀበና ተቀብሏል። ዓለም ዲስኩን ነቅሎ በላፕቶፑ ከፈተው። ታደለች በትከሻው ላይ አጎንብሳ ጠበቀች።

«ታኅሣሥ 13» አለ ዓለም። «ከአራት ሰዓት እስከ አራት ከሃምሳ ድረስ ዳይሬክተሪው ስለ ሳምራ አንድም ጊዜ አልተጠየቀም።»

«ኅዳር ሃያን እየው።»

ጣቱ ወረደ፤ ቆመ። «ከቀበና የገለበጥኩት የካዝናው መዝገብ ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ ሳምራ ገብታለች ይላል። ዳይሬክተሪው ግን አልተጠየቀም።»

ከውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ታደለች ዲስኩን በማስረጃ ከረጢት አሽጋ ፈረመችበት። ሳምራ እውነቷን ነበር። አሁን የቀረው፣ በዳይሬክተሪው ቦታ ተቀምጦ አዎ ሲል የነበረው ማን እንደሆነ ነው። ባሮክ ዋሽቷል፤ መዋሸት ግን መግደል አይደለም። የፈተናውን ቅጽ በችኮላ ፈርሞ ጥፋቱን የሚደብቅ ሰውም እንዲሁ ይዋሻል።

ሲመለሱ የካራ አካባቢ ነዋሪ የሆነችውን አስካለችን ቤቷ ድረስ ሄደው አገኟት። በሩ ላይ ቆማ ጎመን ትቀነጥብ ነበር። ታደለች ቢላውን ከእጇ ተቀብላ አብራት መቀንጠብ ጀመረች። አንድ እስር ጎመን ጨረሱ።

«የሚያንኳኳውን ሰምተው ለሰው ነግረዋል» አለች በመጨረሻ። «ትናንት ሲነግሩኝ አፍዎ ለማንም አለ፤ እጅዎ ግን ሌላ ይል ነበር።»

የአስካለች እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ነው፣ እህቴ። ልጆች አሉኝ።»

«ማንም አይነካዎትም።»

«አቶ ባሮክን ከቢሮው ሲወጣ አገኘሁት። ጌታዬ፣ ሰው ያንኳኳል፣ በሩ እንቢ ብሎት ይሆናል አልኩት። እየሠራ ነው፣ ተይው፣ ወደ ታች ሂጂና ሁለተኛውን ፎቅ ጥረጊ አለኝ።» ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ሄድኩ። ስመለስ ጸጥ ብሏል።»

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታደለች ባሮክንና ሬድዋንን በስብሰባ ክፍሉ አስቀመጠቻቸው። ዓለም አንድ ላፕቶፕ ግድግዳው ላይ ካለ ሶኬት ጋር አያይዞ ጥግ ይዟል።

«ስለ ካዝናው የነገሩኝን ልሞክረው ነው» አለች ባሮክን። «ከዳይሬክተሪው ጋር ያለው ግንኙነት ተፈትኖ ተረጋግጧል ብለው የፈረሙት መቼ ነው?»

«በመስከረም» አለ ባሮክ። «ፈተናው ተሳክቷል የሚል መልስ ሰጥቶኛል፤ እሱን ጽፌ ፈረምኩ።»

«ዓለም፣ ዝግጁ ነህ?»

«ዝግጁ ነኝ።»

ታደለች የኮምፒውተሩን ቁልፎች በአንድ ጣቷ እየፈለገች ሳምራ ብላ ጻፈች። ፓስወርድ በሚለው ቦታ የእናቷን ስም ጻፈች፤ ወርቄ። አስገባ የሚለውን ነካች።

ካዝናው ተከፈተ። እንኳን ደህና መጣሽ ሳምራ አላት።

ሬድዋን ከወንበሩ ብድግ አለ። «ይሄ ምንድነው?»

«የዓለም ላፕቶፕ ነው አዎ ያለው» አለች ታደለች። «ካዝናው የጠየቀው እሱን ነው፤ ዳይሬክተሪውን አይደለም። ማኅተም እንዳያይ ተደርጓል። ‹ማኅተም እይ› የምትለውን ይህችን አንዲት ምልክት አጥፍቶ በዳይሬክተሪው አድራሻ የተቀመጠ ሰው፣ ማንንም መስሎ መግባት ይችላል። አሁን ምልክቱን እመልሳለሁ።» መለሰችው፤ እንደገና ሞከረች። ስክሪኑ ቀይ ሆነ፤ የዳይሬክተሪው ማንነት ሊረጋገጥ አልቻለም አለ። «አያችሁ? ሲፈተን ተሳክቷል የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይደለም።»

ባሮክ ውኃ ቀዳ። «ስህተት ሊሆን ይችላል» አለ። «ሰርተፊኬቱ ጊዜው ያለፈበት ጊዜ ሥራ እንዳይቆም አጥፍቼው ረስቼው ይሆናል። ይህን ማንም ሊጠቀምበት ይችላል።»

«ማንም?» ታደለች ወደ ዓለም ዞረች።

«ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ዕቃ የትኛው አድራሻ በየትኛው ሽቦ እንደመጣ ይይዛል» አለ ዓለም። «ረቡዕ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የዳይሬክተሪው አድራሻ ለግማሽ ሰዓት ያህል በሌላ ሽቦ መጥቷል። ሽቦው የሚያልቀው የአቶ ባሮክ ቢሮ ውስጥ ነው።»

ታደለች ሬድዋንንና ዓለምን ውጡልኝ አለቻቸው። ሬድዋን ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አይቶ ወጣ። በሩ ተዘጋ።

ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ትናንት ማታ ከመዘጋቱ በፊት ባሮክ ደም ከሰጠበት ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባሕር መዝገብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተገለበጠ ነው። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ አልዘረጋችውም።

«ኅዳር ሃያ በሳምራ ስም የተቀየረው አንድ ውጤት ነው፤ ዓለም ከቋቱ አገኘው» አለች። አሁን እርስዎ ማለቱን ትታለች። «ያንተ ነው። የክሊኒኩ መዝገብ አንድ ነገር ይላል፤ ሲስተሙ ሌላ። ቤተ ክርስቲያናችሁ ከጋብቻ በፊት የኤችአይቪ የደም ምርመራ ወረቀት ትጠይቃለች።»

ባሮክ ወረቀቱን አላየም። መስኮቱን ነበር የሚያየው፤ ከመስኮቱ ባሻገር የእንጦጦ ወገብ ይታያል።

«ይደበቅልኝ ይሆናል ብዬ ነበር» አለ በዝግታ። «ጥርን ብቻ ልለፍ ብዬ። ከዚያ በኋላ ለእጮኛዬ፣ ለሰርክ እነግራታለሁ ብዬ።»

«ጌድዮን አገኘብህ።»

«ማክሰኞ ማታ መጥቶ አቅፎኝ አለቀሰ። እኔ እኮ ወንድምህ ነኝ አለኝ። መድኃኒት አለ፣ ሕይወት አለ አለኝ። ግን ለሰርክ ሳትነግራት ሚዜ ሆኜ አልቆምም፤ እስከ እሑድ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ አለኝ።» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «አምስት ቀን ሰጠኝ። አምስት ቀን! እዚያ ክፍል ውስጥ የተቆለፍኩት እኔ ነበርኩ።»

«አይደለም» አለች ታደለች። «የተቆለፈው እሱ ነው። የመውጫዋ ቁልፍ እስክትሰነጠቅ አንኳኳ። አስካለች ነገረችህ፤ ወደ ታች ላክሃት።»

ባሮክ ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

«ታላቅ እህቴ መድኃኒቱን መውሰድ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው» አለችው። «ሦስት ልጅ አሳድጋለች፤ አንዱ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ጌድዮንን የገደለው ደምህ ውስጥ ያለው ነገር አይደለም። ረቡዕ ዕለት በሳምራ ስም ለምን?»

«ተጣልተው ነበራ» አለ፤ ከጠረጴዛው ላይ ሳይነሣ። «ሁሉም ያምናል ብዬ።»

ሳምራ ስምንት ሰዓት ላይ ተለቀቀች። ዕቃዋን ተረክባ ፈረመች። እናቷ በር ላይ ሆና ትጠብቃለች። ልጅቷ ግን ቶሎ አልወጣችም።

«ካዝናው ላይ ያለው ስሜ ይጠፋል?» ብላ ጠየቀች።

«አይጠፋም። ማስረጃ ነው። እውነቱ ከጎኑ ይጻፋል እንጂ።»

«ስለዚህ ጌድዮንን የገደለው ትእዛዝ ምንጊዜም በእኔ ስም ይቀመጣል።»

ታደለች በሩን ከፈተችላት። ሳምራ ራሷን ነቀነቀችና ወጣች፤ እናቷ ስታቅፋት ቆማ ቀረች እንጂ አላቀፈቻትም።

አሥር ሰዓት ግድም ሰርክ መጣች። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ነው የመጣችው፤ ጣቶቿ ላይ የጠመኔ አቧራ አለ። እጮኛዋ መታሰሩን እንጂ ለምን እንደሆነ ያወቀች አትመስልም።

«ምን አደረገ?» አለቻት።

ታደለች አስቀመጠቻት። ስለ ጌድዮን አሟሟት የቻለችውን ያህል እየቀነሰች፣ ግን ሳትደብቅ ነገረቻት። ለምን የሚለውን አልነገረቻትም። ባሮክ ወዳለበት ክፍል ሄደች።

«ሰርክ መጥታለች። ምክንያቱን እኔ የመናገር መብት የለኝም። አንተ ትነግራታለህ።»

«አልችልም።»

«ካልቻልክ ከጋዜጣ ትሰማለች፤ ከሰፈር ትሰማለች። ጌድዮን የጠየቀህ ይህንኑ ነው። እሑድ ገና ሁለት ቀን አለው።»

ባሮክ ተነሣ። ሁለቱን አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብታ ታደለች ከበሩ ውጪ ቆመች። መጀመሪያ የእሱ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ የሚቆራረጥ። ከዚያ ሰርክ ብቻዋን ወጣች።

አላለቀሰችም። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አኖረች። ታደለች አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሁሉም ሰው ‹ቢነግርሽ ኖሮ ታገቢው ነበር ወይ?› ብሎ ይጠይቀኛል» አለች ሰርክ። «እርስዎም ሳይጠይቁኝ አይቀሩም።»

«አልጠይቅሽም።»

«አላውቅም። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ምናልባት እሸሽ ነበር። ምናልባት አብሬው ወደ ሐኪም እሄድ ነበር። ያንን ራሴን የማውቅበትን ዕድል ነው የወሰደብኝ። ጌድዮን ሊሰጠኝ የፈለገው እሱን ነበር።»

ጣቢያው ግቢ ውስጥ አንድ መኪና ሞተሩን አስነሣ፤ ሄደ። ሰርክ ጠመኔውን ከጣቶቿ ላይ ማራገፍ ጀመረች። አልለቅ አላት።

«ነገ ጠዋት ልመረመር እፈልጋለሁ» አለች። «ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። እናቴን ልወስዳት አልችልም።»

«ስንት ሰዓት?» አለች ታደለች።

«ሁለት ሰዓት ይከፍታሉ።»

«ሁለት ሰዓት ላይ በራቸው ላይ ታገኚኛለሽ።»